በመስቃን ያዘነ ሰው የለም

ሲስተር አስካለ ማረፏን የነገረኝ የእህቷ ልጅ ነው፤ ወልቂጤ ድረስ ደወለልኝ። በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፍሬ አዲስ አበባ ገባሁና ቀብሩ ላይ ደረስኩ። አንድ ከረባት ያሰረ ሰው የሕይወት ታሪኳን ከወረቀት ላይ አነበበ። «ትሑት፣ ታዛዥና ሰው አክባሪ ነበረች» ሲል ሕዝቡ አንገቱን ነቀነቀ። እኔ ግን ንዴት ያዘኝ።

ትሑት አልነበረችም። ታዛዥማ ጭራሽ! ታዛዥ ብትሆን ኖሮ እኔ ዛሬ ስለ እሷ የምጽፈው ነገር ባልኖረኝ። ሰው አክባሪ የሚለው ትንሽ ያከራክራል፤ ታከብር ነበር፣ ያከበረችውን ሰው ግን ታስለቅሰው ነበር። ከጎኔ የቆመች ሴት ስነጫነጭ ሰምታ «አባባ፣ ምኗ ነዎት?» አለችኝ።

«አስተርጓሚዋ ነበርኩ» አልኳት። «አባርራኛለች።»

ነገሩ በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። እኔ ያኔ ቡታጅራ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ስሜ ሸምሱ ነው፤ የጉራጌ፣ የመስቃን ልጅ ነኝ። ጉራጊኛውን ከእናቴ፣ አማርኛውን ከትምህርት ቤት አግኝቼ፣ በሁለቱም ደህና አድርጌ እኮራ ነበር። እሷ በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጣ ከአዲስ አበባ መጣች። የአእምሮ ሕክምና ውጭ አገር ተምራ የተመለሰች ነርስ ናት፤ የምታጠናው ሰው ለምን አረቄ ላይ እንደሚወድቅና የወደቀው በምን እንደሚነሳ ነው። ከተማው ወዲያው «የእብድ ሐኪም» አላት። ስትሰማ «ደግ ነው፣ ጤነኛ ነኝ የሚል እንዳይመጣብኝ፤ ወረፋው ይቀንስልኛል» አለች።

ረጅምና ቀጭን ነበረች፤ የወንድ ጫማ ታደርጋለች። ስትቆጣ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ትወለውላለች። መነጽሩ ሲወለወል ያየ ሠራተኛ ሁሉ ሥራ ያለው ይመስል ከአጠገቧ ይጠፋ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት «እርስዎ» ብዬ ሳነጋግራት አቋረጠችኝ።

«አንቺ በለኝ።»

«ኧረ አይሆንም፣ ሲስተር...»

«እርስዎ ስትለኝ ትዋሸኛለህ። ሰው አንቱ የሚለውን ሰው እውነት አይነግረውም።»

አንቺ ማለት ጀመርኩ። መዋሸቴን ግን አልተውኩም፤ ወደዚያ እደርሳለሁ።

አንድ ቀን አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ወንድሞቹ እጅና እግሩን በገመድ ጠፍረው አመጡላት። ሲጠጣ ቤት ያፈርሳል፣ ሳይጠጣ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። እሷ አንዲት ቃል ሳትናገር የፋሻ መቀሷን አንስታ ገመዱን ቆራረጠችውና ቁርጥራጩን ለታላቁ ወንድም አስታቀፈችው። «ይሄ የበሬ ነው» አለችው። «ወንድምህን እዚህ ተወውና ገመዱን ይዘህ ሂድ።» ሾፌሩ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እሷም እዚያው ወለሉ ላይ ከጎኑ ተቀመጠች። ስለ አረቄው አንድም ነገር አልጠየቀችውም። «መጠጣት ከመጀመርህ በፊት ምን ነበር የምታስበው?» ነው ያለችው። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሲነግራት ቆየ።

«አረቄና ትካዜ ባልና ሚስት ናቸው» ትለኝ ነበር። «አንዱን ብቻ ከቤት ብታስወጣ ሌላው ሄዶ ታርቆ ያመጣዋል።» ዛሬ ድባቴ ይሉታል። ያኔ ደህና ስም አልነበረውም፤ ሰነፈች፣ ተለከፈች፣ ዓይን በላት ነበር የሚባለው።

መሥሪያ ቤቷ ረጅም መጠይቅ አትሞ ሰጥቷት ነበርና በገጠሩ ቤት ለቤት እየዞርን መሙላት ጀመርን። እሷ በአማርኛ ትጠይቃለች፣ እኔ ወደ ጉራጊኛ እመልሳለሁ፣ መልሱን ወረቀቱ ላይ አሰፍራለሁ። የገባንበት ቤት ሁሉ ያለ የሌለውን ያቀርባል። ጅባ ይነጠፋል፣ ቆጮ ከጎመንና ከአይብ ጋር ይመጣል፣ «ብሉ እንጂ!» ይባላል። ወረቀቱ ደግሞ «ያለ ምክንያት ታለቅሻለሽ? መኖር አስጠልቶሽ ያውቃል?» ይላል። እስቲ ፍረዱኝ! የሰው ቆጮ እየጎረስኩ፣ አማቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ እየሰማች፣ ባለቤቲቱን መኖር አስጠልቶሻል ወይ ልበላት? ቤቱን መስደብ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን እንደ አገሬ ወግ አደረግኩት። «ደህና ናችሁ? ቤቱ፣ ከብቱ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው?» እላለሁ። ክርስቲያኑ «ተመስገን» ይላል፣ እስላሙ «አልሐምዱሊላህ» ይላል። እኔም «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አደርጋለሁ።

ወይዘሮ ብርነሽ የምትባል ሴት ቤትም እንዲሁ ሆነ። ባሏ ወልዴ አዲስ አበባ ነው የሚነግደው፤ እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ወንዶች ለመስቀል ነው የሚመጣው። ብርነሽ ጎመኑን ስታቀርብልን እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ገና ጠዋት ነው፣ አረቄ አረቄ ትሸታለች። ጓሮዋ ያለው እንሰት በአረም ተውጧል። ጠየቅኳት፤ «ተመስገን» አለች። «የለም» ብዬ ጻፍኩና አይቡን በላሁ።

ሲስተር አስካለ ሞኝ አልነበረችም። ከገበያ ሴቶች ጉራጊኛ ትለቃቅም ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ከአንድ ቤት እንደወጣን መንገድ ላይ አስቆመችኝ።

«አሁን ሴትዮዋን ምን ብለህ ነው የጠየቅካት?»

«ያልሽኝን።»

«እኔ ከብት አላልኩም። ከብት ስትል ሰምቼሃለሁ።»

የወረቀቶቹን ጥቅል ከአንዱ ብብቴ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

«ስንት ቤት ነው እንዲህ የጠየቅከው?»

«ሁሉንም» አልኳት።

መጀመሪያ ሳቀች። መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች። እኔም ለራሴ ልከራከር ሞከርኩ፤ የጉራጌ ሴት የቤቷን ገመና ለእንግዳ አታወጣም፣ ሆድ ይፍጀው ብላ ነው የምትኖረው፣ በወንድ አስተርጓሚማ ጭራሽ አይታሰብም አልኩ። «እርስ በርሳቸው የሚያወሩት ወንድ በማይደርስበት፣ ለቆጮ እንሰት ሲፍቁ ነው» ብዬ ጨመርኩ። ነገሩ እውነት ነው። ሴቶቹ እግራቸውን አንስተው እንሰቱ የሚፋቅበት ሳንቃ ላይ ተደግፈው ስለሚፍቁ፣ ወንድ ወደዚያ መጠጋት ነውር ነው። ባል እንኳ ዞሮ ነው የሚያልፈው።

«ይህን ነገር አሁን ነው የምትነግረኝ?» አለችኝ።

«አልጠየቅሽኝም።»

«ከነገ ጀምሮ አትከተለኝም» አለችና መነጽሯን አድርጋ ሄደች። በዚያ የወረቀት ክምር ላይ በቀይ እርሳስ «ይህ የሸምሱ መልስ ነው፤ የሕዝቡ አይደለም» ብላ ጻፈችበት።

በማግስቱ ቀርከሃ መፋቂያ ገዝታ እንሰት ልትፍቅ ሄደች። እዚያ የሆነውን ከሰው ነው የሰማሁት፤ መጀመሪያ ሳቁባት፣ እጇ ተላላጠ፣ አንዷ ቅቤ ቀባቻት። በሦስተኛው ሳምንት ማውራት ጀመሩ። ምን እንዳሏት ለእኔ አልነገረችኝም። «አምነው የነገሩኝን ለወንድ አላወራም» አለች። ማታ ማታ ደብተሯን ስትሞላ ግን ፊቷን አየው ነበር።

በዚህ መሃል የአለቆቿ አለቃ ከአዲስ አበባ መጣ። የወረቀቱን ክምር አገላብጦ ፊቱ በራ። በቀይ የተጻፈውን እንዳላየ አለፈው።

«ግሩም ነው! በመስቃን ያዘነ ሰው የለም ማለት ነው። ከላይ ያሉት ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። ፈርሚበት።»

«አልፈርምም።»

«ለምን?»

«ውሸት ነው። በመስቃን ያዘነ ሰው ከሌለ እኔ የመጀመሪያዋ ነኝ፤ ይመዝግቡኝ።»

ሰውየው ቀላ። ያዘነ ሰው ከሌለ እንግዲያው ሲስተር ይዛው የመጣችው የትካዜ ክኒን እዚህ ምን ይሠራል፣ ሳጥኑ ወደ ሌላ ቦታ ይጫን አለ። ሲስተር አስካለ ቀስ ብላ ሄዳ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠች። ዝም ብላ ተቀመጠች! ሰውየው አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ የራሱን ሾፌር አየ። ሴት ከሳጥን ላይ ጎትቶ የሚያነሳ አልተገኘም። «ይህን በጽሑፍ ታገኚዋለሽ» ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። እኔ ያኔ ፈርቼ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን አብሬያት ሳጥኑ ላይ አለመቀመጤ ይቆጨኛል።

ሳጥኑን የያዘችው ደግሞ ለጨዋታ አልነበረም፤ ለብርነሽ አስባ ነው። የወልዴ ዘመዶች ወደ አዲስ አበባ መልእክት ልከውለት ነበር፤ ሚስትህ አረቄ ላይ ወድቃለች፣ የአባትህ እንሰት ዳዋ ዋጠው፣ ልጆችህ በጎረቤት ነው የሚበሉት ብለው። እሱም ለመስቀል ስመጣ በሽማግሌ ፊት አሰናብታታለሁ ብሎ መለሰ። ብርነሽ ከተሰናበተች ልጆቿ ይቀሩባታል። የሚያስጠጋት አባት የላት፣ አንድ ወንድሟም የት እንዳለ አይታወቅ። መስቀል ሊደርስ ሦስት ወር ቀርቶት ነበር።

ሲስተር አስካለ ያን ክረምት በየሁለት ቀኑ በጭቃ በእግሯ ወደ ብርነሽ ቤት ትመላለስ ነበር። ክኒኑን በእጇ ትሰጣታለች፣ አረቄውን በአንዴ ሳይሆን በመለኪያ እየቀነሰች ታስተዋታለች፣ ከዚያ አረሙን አብራት ትነቅላለች። አንዳንድ ቀን ብርነሽ ከመደቡ አትነሳም። ያን ቀን ሲስተር ብቻዋን ትነቅልና በበሩ ትጮህባታለች። «ዛሬ ለእኔ ሥራ ሰጥተሽ ተኝተሻል፤ ነገ ትከፍይኛለሽ!» ደግነቷ እንዲህ ነበር።

መስቀል ደረሰ። ከተማ የከረመው ወንድ ሁሉ ገባ፣ ክትፎው ተበላ፣ ሦስት ቀን ቆይቶ ሽማግሌዎቹ ጀፎረው ላይ ተቀመጡ። ጀፎረ የምንለው በመንደሩ መሃል የሚያልፈውን ሰፊ ሣራማ መንገድ ነው። ዳኛው አባባ ክብረት ነበሩ። ሲስተር ለወጉ ወንድ ያስፈልገኛል ብላ እኔን ወሰደችኝና መንገድ ላይ አስጠነቀቀችኝ። «ዛሬ አንዲት ቃል ብታለሰልስ አልምርህም።»

ለእንግዳይቱ ሲባል በአማርኛ ነበር የሚናገሩት፤ ሲቆጡ ግን ወደ ጉራጊኛ ይገቡ ነበር። ወልዴ ተነሳ። መጥፎ ሰው አልነበረም።

«እኔ ከተማ ስንከራተት እሷ ቤቴን አፈረሰችው። እንሰቱን እዩት፤ አባቴ የተከለው ነው። ምን ጎደለባት? እግዜር ሦስት ልጆች ሰጥቶናል፣ ሦስቱም ደህና ናቸው።»

«አራት» አለች ሲስተር አስካለ።

«ሦስት ናቸው።»

«አራት ወልዳለች።»

ወልዴ መሬት መሬት አየ። «ያቺማ ክርስትና ሳትነሳ የሄደች ናት» አለ። «እኔም አልነበርኩም። ለእሷ ለቅሶ አልተቀመጥንም፤ አትቆጠርም።» ብርነሽ ከሴቶቹ መሃል ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እኔ ስለ ሕፃኗ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

አባባ ክብረት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ሴት በሸንጎ አትናገርም።»

«ሐኪም ሆኜ ነው የመጣሁት አባባ። እባብ የነደፋት ሴት ሥራ ብትፈታ ትፈርዱባታላችሁ?»

«አንፈርድም።»

«ይቺንም ነድፏታል። የነደፋት ነገር በዓይን ስለማይታይ ነው ሰነፈች ያላችኋት።»

ሽማግሌዎቹ ዞር ብለው በጉራጊኛ ተነጋገሩ። አንዱ ቁጣ ቁጣ አለው፣ ሌላው በአባቴ ቤት እንዲህ የሆነች ሴት አውቃለሁ አለ። በመጨረሻ አባባ ክብረት ተመለሱ። «ሕመም ከሆነ እስከ መጪው መስቀል ጊዜ እንስጣት። ነገር ግን ዋስ ያስፈልጋታል። ቤቱ ባይቀና ማንን እንጠይቃለን?»

«እኔን።»

«አንቺ የመንግሥት ሰው ነሽ። ነገ ደብዳቤ ይመጣልሻል፣ ትሄጃለሽ። ዋስ የሚሆነው አገር ያለው ሰው ነው።»

ደብዳቤው መጥቶ ነበር። እኔው ነኝ መዝገብ ላይ ያስገባሁት። እሷ ከቦርሳዋ አወጣችውና ሰጠችኝ። «ሸምሱ፣ አንብብላቸው።»

አነበብኩ። በአሥር ቀን ውስጥ ሥራዋን አስረክባ አዲስ አበባ እንድትገኝ ይላል። ከዚያ ቀጥሎ አንድ መስመር አለ። የድሮው ሸምሱ መጣብኝ፤ እዚያ ላይ ቆሜ ወረቀቱን ላጥፈው አሰብኩ። ሲስተር እያየችኝ ነበር። የቀረውንም አነበብኩት፦ ባትገኝ ከሥራ እንደተሰናበተች ይቆጠራል።

«እንግዲህ ይህን ወረቀት ይያዙልኝ» ብላ ለአባባ ክብረት ሰጠቻቸው። «እኔ እስከ መጪው መስቀል የትም አልሄድም። ቤቱ ካልቀና እኔን ያዙኝ።»

ማንበብ የማይችሉት ሽማግሌ ወረቀቱን ገልብጠው አዩት። «ባልሽስ ምን ይላል?»

«ባል የለኝም።»

«እንግዲያማ ማን ይከለክልሻል!» አሉና ወረቀቱን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። ሸንጎው ሳቀ። ወልዴ ብቻ አልሳቀም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልናገር። ከሥራዋ ተባረረች። ቡታጅራ አንድ ክፍል ተከራይታ መርፌ እየወጋች አንድ ዓመት ሙሉ ኖረች። ብርነሽ በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ ተመልሳ አረቄ ላይ ወደቀች፤ ሁለቱንም ጊዜ ሲስተር እየተሳደበች ሄዳ አነሳቻት። በኋላ ብርነሽ እዚያው ቤቷ ልጆቿን ድራ አርጅታለች። በገመድ ታስሮ የመጣው ሾፌርም ዳነ። ያልዳኑም ብዙ ነበሩ፤ ሲስተር የእነሱንም ስም ከደብተሯ አልፋቀችም። ደብተሩን የሚያትምላት አላገኘችም። አብዮቱ መጣ፣ አለቆቿም ሄዱ፣ እሷም ሌላ ሆስፒታል ተቀጥራ ሌሎች አለቆችን ስታናድድ ጡረታ ወጣች። ከረባት ያሰረው ሰው ከዚህ አንዱንም አላነበበም።

እኔን ግን የማይለቀኝ ከሸንጎው ማግስት ያለው ጠዋት ነው። የመንደሩ ሴቶች፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ የብርነሽን እንሰት ሊፍቁላት ተሰብስበው ነበር። እኔ ለሲስተር ፋሻ ላደርስላት መጣሁና ወጉ ስለማይፈቅድ መታጠፊያው ላይ ቆምኩ። ወልዴም ከሁለት ሰዎች ጋር ወደ ገበያ ሊወርድ እዚያው መንገድ ላይ ነበር። ሰላምታ ተለዋወጥን። ከእንሰቱ ውስጥ የመፋቂያው ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ድምፁ ቀስ በቀስ ቆመ።

አንዲት ሴት ጮኸች። የብርነሽ ድምፅ ነው። ወዲያው ሌሎቹ ተቀበሏት፣ ደረት ሲመታ ተሰማ፣ አንዷ ሙሾ ማውረድ ጀመረች። የሙሉ ሰው ለቅሶ ነው፤ ትልቅ ሰው ሲሞት እንደሚለቀሰው ያለ። ሁለቱ ሰዎች ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወልዴ ዱላውን ጥሎ ክንዴን ያዘኝ።

«ሸምሱ፣ ማን ሞተ?» አለኝ።

«አራተኛዋ ልጅህ» አልኩት።